ከወገቡ የሚታጠፈው ብስክሌት

ወንድሜ ምንይችል ደግ ሰው ነው የሚል ካጋጠማችሁ፣ ወይ አያውቀውም ወይ እኔን ለማስደሰት ነው። እኔ የእናቱ ልጅ ነኝ፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ቁጡ ነው፣ ቂመኛ ነው፣ «ይቅርታ» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እንዲህም ሆኖ እዚህ እንጅባራ መናኸሪያ አካባቢ ስለሱ የሚወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሚያወሩት መውደቁን ብቻ ነው፤ ለምን እንደወደቀ ቢጠየቁ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔው ልናገር።

ስሜ ትርሲት ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ጎሚስታ ቤት አለኝ። አዲስ የመጣ ሾፌር ሁሉ ጎማውን እያንከባለለ ይመጣና «ባለቤቱ የለም እንዴ?» ይለኛል። «የለም፤ ሂድ ፈልገው» እለዋለሁ። ከተማውን ዞሮ ሌላ ሲያጣ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል። ጠባይሽ ከወንድምሽ አይሻልም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይበሉ።

የተወለድነው ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ በሚወስደው አስፓልት ቁልቁል ሲወረድ በምትገኝ መንደር ነው። በኛ አገር ወንድ ልጅ ሰርግም ለቅሶም የሚደርሰው በፈረስ ነው። ምንይችል ትምህርት ቤት የተማረውን በሙሉ ረስቶታል፤ በፈረስ ጉዳይ ግን የረሳው ነገር የለም። ዳማ ፈረሱን ገና ውርንጭላ ሳለ አምጥቶ ራሱ ገራው። ሌላ ሰው ውኃ እንዲያጠጣው እንኳ አይፈቅድም ነበር። ሚስቱ የምሥራች «እኔንም እንደሱ ብታየኝ ምን ነበረበት» ስትለው ቀልድ ይመስለውና ይስቃል። ቀልድ አልነበረም። ጫግኒ ያለችውን እህቷን ልጠይቅ ብላ ሄዳ በዚያው ቀረች።

እጁን የበላው ወፍጮ ነው። ችንጋው ሲንሸራተት በቀኝ እጁ ሊመልሰው ገባ፤ ቀኙን ሲይዘው በግራው ሊያስለቅቅ ሞከረ። ከሆስፒታል ሲወጣ በቀኝ እጁ አንድም ጣት አልነበረውም፤ በግራው አውራ ጣቱና ማርያም ጣቱ ብቻ ቀርተው ነበር። ሊጠይቀው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ጎረቤት ሁሉ «አልሞትኩም፤ ተነሱና ወደየሥራችሁ ሂዱ» ብሎ አስወጣው። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ጥርሱን ነክሶበታል።

ፈረሱን ግን ወዲያው አልተወም። ልጓሙን ክንዱ ላይ አስሮ ለመጋለብ ሞከረ። ጣት ልጓም ሲይዝ ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ክንድ ግን መጎተት እንጂ ማላላት አያውቅም። አንድ ቀን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ገበያ ሲመለስ የዳማው አፍ ደምቶ አየ። ወረደ። መንገድ ዳር ቆሞ የፈረሱን አፍ በጋቢው ጫፍ ጠረገለትና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጎን ለጎን አብሮት ሲጋልብ ወደኖረው ወደ ሙሐባው ቤት ወሰደው። «እጄ እስኪድን ያዝልኝ» አለው። ጣት ተመልሶ እንደማይበቅል ሁለቱም ያውቃሉ። ሙሐባውም «እይዝልሃለሁ» አለ። በመሀላቸው የተባለው ይኸው ብቻ ነው፤ ምስክርም አልነበረ።

ዓመታት አለፉ። በጥር የፈረስ በዓል ላይ ሙሐባው በዳማው ሜዳውን ሲያቋርጠው ሕዝቡ ይጮኻል፣ ያጨበጭባል። ወንድሜ ከሰው መሀል ቆሞ ያያል። ቀስ በቀስ ሰው «የሙሐባው ዳማ» ማለት ጀመረ። ያን በጆሮው የሰማ ዕለት እዚያው ሜዳው ላይ ሙሐባውን ጠብቆ «ፈረሴን መልስልኝ» አለው።

ሙሐባው ከፈረሱ ሳይወርድ ሳቀ። «በምንህ ልትይዘው?» አለው።

ይህን ያለው ሰው በተሰበሰበበት ነው። ወንድሜ በአዊኛ የመለሰለትን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ በኋላ ሙሐባው ፈረሱን ያበላው፣ ያጠጣው፣ ሲታመም ያሳከመው እሱ መሆኑን ለመንደሩ ሁሉ እየዞረ ተናገረ። ውሸት አልነበረም። ሙሐባውን የምጠላው ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ እውነቱን ሰው ፊት አውጥቶ ሰው ስለሚያዋርድበት ነው።

ምንይችል ቤቱን ዘግቶ ከተማ እኔ ዘንድ ገባ። ከዓመት ዓመት ሽማግሌ ይልካል፣ ሙሐባውም ከዓመት ዓመት ሽማግሌ ይመልሳል። አንድ ቀን ሰለቸኝና «ልትጋልበው አትችል፣ ልትሸጠው አትፈልግ፤ ፈረሱ ምን ሊሠራልህ ነው?» አልኩት።

ብዙ ጊዜ ስጠይቀው ይሰድበኝ ነበር። ያን ቀን አልሰደበኝም። «እኔ ስሞት የማንን ፈረስ ሊስቡልኝ ነው?» አለኝ።

በኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፣ ጋቢው ኮርቻው ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ በለቅሶው መሀል ይሳባል። እስከዚያ ያላለቀሰ ሰው ባዶውን ኮርቻ ሲያይ ያለቅሳል። «ዳማው ለሙሐባው ለቅሶ ሊሳብ፣ እኔ እንደ መንገደኛ ልቀበር ነው?» አለ። 

ብስክሌቱን የሠራሁት ግን ለፈረሱ ብዬ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ከፊቴ ዞር እንዲልልኝ ነው። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ የጎማ አወላለቄን ሲተች ይውላል። ሂድ እንዳልለው ባጃጅ አይሳፈርም፤ ሾፌሩን «ሂሳቡን ከኪሴ አውጣ» ማለት ለሱ ሞት ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ አንድ ሰው መሪ በሌለው ብስክሌት ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሲነዳ አየሁ። ብስክሌቱ ከመቀመጫው ሥር እንደ በር ይታጠፋል። ሰውየው የሚያዞረው በእጁ ሳይሆን በዳሌው ነው። ፓኬጄ እስኪያልቅ ደጋግሜ አየሁት።

ማንም የማይፈልጋቸው ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ነበሩኝ። ከጎኔ ብየዳ ቤት ካለው ከበያጁ ከደረሰ ጋር ሆነን ከአንዱ የፊቱን፣ ከሌላው የኋላውን ቆርጠን አስቀረን። ፔዳሉንና ሰንሰለቱን ወደ ፊተኛው ጎማ አዞርነው። መቀመጫው ከኋለኛው ግማሽ ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ መደገፊያ ኖሮት ተበየደ። ሁለቱን ግማሾች ያገናኘነው ከተገለበጠ ባጃጅ መሪ ላይ በፈታሁት ኩሽኔታ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጋደል ብሎ ነው የገባው። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ነው። እጅ የሚሠራው አንድም ሥራ የለም። ደረሰ ጨርሶ ራቅ ብሎ አየውና «ይሄ ብስክሌት ታሟል» አለኝ። «የብየዳህን ሂሳብ ውሰድና ሂድ፤ ሐኪም አልጠራሁም» አልኩት።

መጀመሪያ የሞከርኩት እኔ ነኝ። በተራው ብስክሌት ላይ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በእጁ መሆኑን ልብ አይልም። ወደ ግራ ሲያዘነብል እጁ ሳይታዘዝ መሪውን ወደ ግራ ያዞርለታል፤ ጎማው ከሥሩ ይገባና ያቃናዋል። በዚህኛው ያንን የሚሠራው ዳሌ ነው። ወደ ግራ ልትወድቅ ስትል ዳሌህን ወደ ግራ ትለቀዋለህ፤ ብስክሌቱ ከወገቡ ይታጠፍና መልሶ ይቀበልሃል። እግር ደግሞ ሁለት ሥራ አለበት፤ ይገፋል፣ የፊቱንም ግማሽ ይይዛል። በኃይል ከረገጡት ፊቱ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል። ስለዚህ ጉልበት ላላ ይላል፣ ፔዳሉ ቀለል ተደርጎ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ዓይን ከጎማው ላይ ተነሥቶ ሩቅ ያያል። ይህን ለማወቅ ሁለቱንም ክርኖቼን ላጥኳቸው።

የወንድሜ ነገር ከኔ የባሰ ሆነ። እሱ ፈረሰኛ ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ወይም ሲዘል ጋላቢው ሳያስብ በጭኑና በጉልበቱ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውነቱ የተማረው ይህን ነው። ብስክሌቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ባዘነበለ ቁጥር ጉልበቶቹ ተጋጥመው ይጨብጣሉ። ጉልበት ሲጨብጥ ማጠፊያው ይታሰራል፤ የታሰረ ብስክሌት ደግሞ እንደ ግንድ ይወድቃል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሲነሣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ ሲወድቅ ክረምቱ ገባ።

«ጉልበትህን ልቀቅ!» እያልኩ ከኋላው እሮጣለሁ።

«ለቅቄዋለሁ!»

«አልለቀቅክም፤ ፈረስ ላይ አይደለህም። ዳማው የለም፤ እርሳው።»

አንድ ቀን ይህን ስለው ብስክሌቱን በእግሩ ገፍቶ ጣለውና ቤት ገብቶ ተኛ። በማግሥቱ ራሱ ቀስቅሶኝ ወደ ሜዳው ሄድን።

የባጃጅ ሾፌሮቹ የምለውን ሰምተው ያዙት። ወንድሜ በመንገድ ሲያልፍ ከየመስኮቱ «ጉልበትህን ልቀቅ» ይሉታል። በእግሩ እየሄደም ይሉታል። ምግብ ቤት ተቀምጦ ሰው ሲያጎርሰውም ይሉታል። ብስክሌቱን «ቃሬዛ» አሉት፤ ተንጋሎ ስለሚሄድ። አንዲት ሴትዮ፣ ስሟን አልጠራም፣ «በቁሙ ሬሳ የሚሆን ሰው ጤና የለውም» ብላ በሰፈሩ አስወራች። አንዱ ማታ ላይ ጎማውን በሚስማር ወጋው። ለጎሚስታ ቤት ጎማ መውጋት ምን ዓይነት ጅልነት እንደሆነ አላውቅም፤ ጠግኜው ጠዋት ዝግጁ ነበር። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን ደርሼበታለሁ፤ ባጃጁ ስትተነፍስ ለማን እንደሚያመጣት አየዋለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ጉልበቶቹ ለቀቁ። እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ብስክሌቱ ወደ ግራ አዘነበለ፤ እሱም አብሮ ሄደ፤ ከወገቡ ታጠፈና ተመለሰ፤ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ። የተቆረጡት እጆቹ ጭኑ ላይ አርፈዋል። ሜዳውን ሲዞር ፊቱን አየሁት፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። እንዳላየው ዞር ብዬ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ሁለት ጉድለት ግን ቀረው። አንደኛው ዳገት ላይ ከቆመ ያለ ገፊ መነሣት አይችልም፤ እግር ሊገፋ ሲሞክር ፊቱ ይወራጫል፣ ፍጥነት ከሌለ ደግሞ ሚዛን የለም። ሁለተኛው በእግር እየሄዱ መግፋት አይቻልም፤ መሀሉ ላይ ይታጠፍና ይተኛል፤ ጣት የሌለው ሰው ደግሞ ሊያነሣው አይችልም። ስለዚህ ምንይችል አንዴ ከተነሣ እስከሚደርስበት ድረስ አይቆምም። ለቀብር ሰልፍም፣ ለቄስም አልቆመም። ባለጌ ነው ተባለ። እኔም ከተማውን ሁሉ እየዞርኩ የብስክሌት ሚዛን ላስተምር አልችልም።

በዚህ መሀል አያ ገበየሁ ደወሉልኝ። የመንደራችን ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉዳዩን ለመጨረሻ ጊዜ የያዙት እሳቸው ነበሩ። «ጨርሰናል ትርሲት» አሉኝ። «ሙሐባውን በስንት መከራ አሳምነነዋል፤ ፈረሱን ይመልሳል። ቅዳሜ የመንደሩ ኮሶ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ወንድምሽ መጥቶ ይታረቅና ፈረሱን ይዞ ይሂድ። ብቻ እባክሽ አፉን ይሰብስብ።»

«እርስዎ ያሉት ሆኗል አያ» አልኳቸው። ለወንድሜ ስነግረው ጋቢውን አጥቤ እንዳሰጣለት አዘዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ተኮናትሬ ብመጣ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጧል። «ውረድ» አልኩት። «አሁንስ በሰላም እንሂድ፤ ባጃጅ ይዣለሁ።»

«አልወርድም።»

«ምንይችል፣ ሽማግሌ ፊት ነው የምትቀርበው።»

«ስለሱ ነዋ። እንደ ጆንያ ጭነውኝ ስደርስ ሲያዩ ለዚህ ሰው ፈረስ ምን ያደርግለታል ይላሉ። ሙሐባውም ያን ነው የሚጠብቀው። በራሴ እደርሳለሁ።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። አሁንም ልክ ይመስለኛል። እኔ ከባጃጁ ሾፌር ከዓባይነህ ጋር ከኋላ ከኋላው ወረድን። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አስፓልቱ ያብረቀርቃል። ወንድሜ ጋቢውን ደረቱ ላይ ጠምጥሞ፣ እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ በየጠመዝማዛው በዳሌው እያጠፈ ይወርዳል። ዓባይነህ ሲሳለቅበት ከነበሩት አንዱ ነው፤ ያን ቀን ግን «ይሄ ሰውዬ ይነዳል እኮ» አለ።

ኮሶው ያለው ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ወዲያ ከፍ ያለች ሣር ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ግንዱ ሥር በተርታ ተቀምጠዋል። ሙሐባው ዳማውን ይዞ ራቅ ብሎ ቆሟል። በኛ ሥርዓት በፈረስ የመጣ ሰው ሽማግሌ ካለበት ሳይደርስ ከሩቁ ይወርዳል፤ ፈረሱን እየሳበ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቀርባል። ወንድሜ ይህን ከኔ የበለጠ ያውቃል። ነገር ግን ጎድጓዳው ላይ ቢቆም ዳገቷን ሊነሣ አይችልም፤ ቢወርድ ብስክሌቱ ታጥፎ ይተኛና ሙሐባው እያየው እንዳይነሣ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፍጥነቱን ይዞ ዳገቷን ወጣ። ሽማግሌዎቹ ፊት ደርሶ ሊቆም ነበር። ሣሩ ላይ ፍሬን ሲይዝ ግን ጎማው ተንሸራተተ፤ እንዳይወድቅ ለቀቀው፤ ከለቀቀው ደግሞ መዞር ግድ ሆነበት።

ዞረ። በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭቃ ያለበትን የጫማውን ሶል ወደፊት አድርጎ፣ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት በተርታ አለፈ። መቀመጫው ዝቅተኛ ስለሆነ እግሮቹ ልክ በጢማቸው አቅጣጫ ናቸው። በኮሶው ጀርባ ዞሮ እንደገና በፊታቸው አለፈ። ከዚያ ፍጥነቱ ሲያልቅ ቆመ፣ ተነሣ፣ እጅ ነሣ። ብስክሌቱ ከኋላው ታጥፎ ተኛ።

ማንም ሰላምታውን አልመለሰለትም።

አያ ገበየሁ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «እኔ ስንት ሽምግልና ተቀምጫለሁ» አሉ። «ሰክሮ የመጣ አይቻለሁ። መሣሪያ ይዞ የመጣ አይቻለሁ። ተኝቶ የመጣብኝ ግን አንተ ነህ።»

«ብስክሌቱ እንዲህ ነው የሚሄደው» አለ ወንድሜ።

«እግርህን በፊቴ ዘረጋህብኝ።»

«ለርስዎ ብዬ አልዘረጋሁም፤ ካልዘረጋሁት አይሄድም።»

ከኋላው ሄጄ ጎኑን ነካ አደረግሁት። «ይቅርታ በል» አልኩት በአዊኛ፣ በቀስታ። አንድ ቃል ነበር የቀረው። ፈረሱ እዚያው ነው፤ ስምምነቱ አልቋል። አንድ ቃል።

«ያላጠፋሁትን?» አለኝ ጮክ ብሎ፣ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ሙሐባው ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ የደስታ አልነበረም፤ ወንድሜን ከሁላችን በፊት የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው። «አያ፣ ይተውት» አለ። «እኔ እሰጣለሁ ብያለሁ።»

«አንተ ዝም በል» አሉት አያ ገበየሁ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ተኝቶ መምጣት የሚያውቅ ተቀምጦ መጋለብ ያውቅ እንደሆነ እንየው። ሜዳውን በግልቢያ ዞረህ ከመጣህ ፈረሱን ይዘህ ሂድ። ካልቻልክ ባለበት ይቆያል፤ ከእንግዲህም ወዲህ ሽማግሌ እንዳትልክብን።» ሌሎቹም በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም እጁን አላነሣም፣ ማንም አልጮኸም፤ ግን ቢደበድቡት ይሻል ነበር።

ወንድሜ ወደ ዳማው ሄደ። ፈረሱ አሸተተው። ያውቀው እንደሆነ አላውቅም፤ ሰዎች ያውቀዋል ይላሉ፣ ሰዎች ብዙ ነገር ይላሉ። ሙሐባው ሊደግፈው እጁን ሲሰድ በክርኑ ገፋው። ከአንድ ጉቶ ላይ ቆሞ ራሱ ወጣ። ልጓሙን ሙሐባው ክንዱ ላይ ሊያስርለት ሲል «አንገቱ ላይ ተወው፤ አያስፈልገኝም» አለ።

ያኔ ምን እንዳሰበ ገባኝ። እኔም ያንኑ ነበር ያሰብኩት። ብስክሌቱን ያለ እጅ በዳሌው ካዞረ ፈረሱንም ያዞራል።

አዞረውም። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። መጀመሪያ በእርምጃ ሄደ። ዳሌውን ወደ ግራ ሲጥል ዳማው ወደ ግራ ታጠፈ፤ ወደ ቀኝ ሲጥል ወደ ቀኝ ሄደ። ልጓሙ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የወንድሜ እጆች ጭኑ ላይ ናቸው። ሽማግሌዎቹ መንሾካሾካቸውን አቆሙ። አያ ገበየሁ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። ወንድሜ ተረከዙን ነካ ሲያደርግ ዳማው ሶመሶመ፤ እንደገና ሲነካው ጋለበ። ጋቢው ከኋላው ተነፋ። ሙሐባው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሜዳውን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው አንድ አይሱዙ በአስፓልቱ መጣ። ሾፌሩ የተሰበሰበውን ሰው ሲያይ ሰላም ለማለት ክላክሱን ነፋ። ዳማው ደንግጦ ወደ ጎን ዘለለ። በድሮው ጊዜ ቢሆን ይህ ለምንይችል ምንም አልነበረም፤ ጉልበቱ ሳያስብ ይጨብጥ ነበር፣ ፈረሱ የትም ቢዘል አብሮ ይዘል ነበር። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ከኋላው እየሮጥኩ ያንን ጉልበት አስጥዬዋለሁ። ወደ ግራ ሲያዘነብል ጉልበቱ ለቀቀ፤ ዳሌው ወደ ግራ ሄደ፤ ብስክሌቱ ታጥፎ ይቀበለኛል ብሎ በጠበቀበት በኩል ግን ምንም አልነበረም። በጎኑ ጭቃው ላይ ወደቀ። ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማ።

የሳቀ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ባየው ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የምናገረው።

ስደርስ ራሱን አንሥቶ ተቀምጧል። የተሰበረ የለውም፤ ግን ግማሽ ፊቱ ጭቃ ነው፣ ያጠብኩለት ጋቢ ከሥሩ ተጠቅልሏል። ጉልበቶቹን ያያል። «ለቀቁ» አለኝ፣ የሌላ ሰው እግር ያየ ይመስል። ከንፈሬን ነክሼ አነሣሁት። አያ ገበየሁ ከሩቅ «ጨርሰናል» አሉና ዱላቸውን እየነቀሉ እየተከሉ ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አንዳቸውም አላዩንም።

ሙሐባው ፈረሱን ይዞ መጣ። ፊታችን ቆሞ ልጓሙን ዘረጋ። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «ውሰደው» አለ።

«ሽማግሌ የነሣኝን አንተ ልትሰጠኝ ነው?»

«ውሰደው አልኩህ። ሰው አላየም።»

«እንደ ለማኝ?» አለ ወንድሜ።  «ከነፈረስህ ጥፋ። ስማኝ ሙሐባው፤ እኔ ስሞት ለቅሶዬ ላይ ዳማውን ይዘህ እንዳትደርስ። በእናቴ ስም ነው የምልህ።»

ሙሐባው ልጓሙን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ንዴት ፊቱን አቀላው፤ ሊማታ መስሎኝ ከመሀላቸው ገባሁ።

«እደርሳለሁ» አለው። «ጭኜው፣ ጋቢህን ኮርቻው ላይ አድርጌ፣ ለቅሶው መሀል እስበዋለሁ። ያን ጊዜ ተነሥተህ ከልክለኝ።»

ወንድሜ አፉን ከፈተ፤ ስድብ ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም። ፈረሱን አየው፣ ሙሐባውን አየው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ብስክሌቱ ሄደ፤ አንሥቼ ይዤለት ተቀመጠ። ዳገቷን ልገፋው ትከሻውን ስይዝ አንገቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ጥሩንባ ነፊው አጠገብ አታቁመው፤ ይደነግጣል።»

«አውቃለሁ» አለ ሙሐባው።

ገፋሁት፤ ሄድን። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።